ዳር ዳርህን ጣና፦ የጠዋት ሰልፍ መዝሙራችንን ቀጣይ ስንኝ የሚያስታውስ አለ?

የሽምብጧ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ጥያቄዬ አንድ ነው፣ ወሬው ግን ይረዝማል። ታገሱኝ።

ሰሞኑን ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርሳት አረፈድንና ሰልፍ ላይ ደረስን። አጥር ጥግ ቆሜ አየሁ። ባንዲራው መውጣት ሲጀምር ከሚኒ ሚዲያ ክፍል መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። ልጆቹ ቆመው ያዳምጣሉ። አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን ያነቃንቃሉ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። መዝሙሩ ቀጥ አለ። ማንም አልቀጠለም። ባንዲራው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። የሚስበው ልጅ ዞር ዞር ብሎ አየና ዝም ብሎ ጎተተው። ተረኛው መምህር "በሉ ወደ ክፍል!" አለ። አለቀ።

እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። እኛ እኮ መብራት የማያውቀው ሰልፍ ላይ ነው ያደግነው። ከ1986 እስከ 1991 ሽምብጥ በኩል፣ ለሐይቁ የቀረበ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ደወላችን ዋርካ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመቱት ድምፁ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጣና የሚነሳው ብርድ እግር ይቆርጣል። ግማሻችን ሸበጥ ነው ያደረግነው። "ተጠንቀቅ! አሳርፍ! እጅ ወደ ፊት ዘርጋ!" ይባላል። እጄን የፊቴ ልጅ ትከሻ ላይ ሳሳርፍ ሹራቧ እርጥብ ነው። ጭስ ጭስ ይሸታል። እናቷ ጠላ ሻጭ ነበሩ፣ ቤታቸው ሌሊቱን ሙሉ እሳት አይጠፋም። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ብሔራዊ መዝሙሩ ሲያልቅ የራሳችን መዝሙር ነበረን። የአማርኛ አስተማሪያችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ራሳቸው ደርሰውት ነው ይባላል። እንዲህ ይጀምራል፦

*ማልደን ተነሣን ፀሐይ ወጣችና፣*
*ደብተር ይዘን መጣን ዳር ዳርህን ጣና።*

ከዚህ በኋላ ጠፋኝ። ዜማው አለ፣ ቃሉ የለም። እህቴን ጠየቅኳት። እሷም እዚያው ስትደርስ "ላ ላ ላ" ነው የምትለው። የሚያስታውስ ካለ በሞቴ።

ደንገል

ወይኔ ጉዴ! "ዳር ዳርህን ጣና"! እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ሁለት ዓመት ሳልቀድምሽ አልቀርም። የኛ ረድፍ ግን "ደብተር ይዘን መጣን" ብሎ አያውቅም። "ቆሎ ይዘን መጣን" ነበር የምንለው። አንድ ቀን ጋሼ መሀላችን ገብተው ጆሯቸውን ደቀን አደረጉ። ከዚያ ኪሳችን ተፈተሸ። ቆሎው እውነት ነበር።

ቀጣዩን አላስታውስም። ስለ ውኃ የሆነ ነገር መሰለኝ።

አባይ ማዶ

እኔ ከድልድዩ ማዶ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ያንቺን አላውቀውም። ትምህርት ቤታችን ፈረቃ ነበር፣ እኔ ደግሞ የከሰዓት። የከሰዓት ልጅ ባንዲራ ሲወጣ አያይም፣ ሲወርድ ነው የሚያየው። 11 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ርቦት፣ ደብተሩን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ። መዝሙሩን እንደ ፈረስ ጉግስ ነበር የምናስኬደው፣ ቶሎ ወደ ቤት ለመሄድ። የጠዋት ልጆች "እናንተ አትዘምሩም፣ ትሮጣላችሁ" ይሉን ነበር።

አንድ ኑዛዜ ግን አለኝ። ብሔራዊ መዝሙሩ ውስጥ "ሰብዕና" የሚል ቃል አለ አይደል? እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ የቁስል ስም ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል "ያልሻረን" ብዬ ነው የምሰማው። እና እያንዳንዱን ቀን ደረቴን ነፍቼ "ያልሻረ ቁስል አለብን" እያልኩ እዘምር ነበር። አያቴ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ነበረባቸው። እሳቸውን አስብ ነበር።

ደንገል

@አባይ ማዶ ሃሃሃሃ! ሰብዕና ያልሻረን! ገደልከኝ!

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ይህን ወሬ የልጄ ልጅ ነው ያሳየችኝ። እኔ በዚችው ከተማ ተማሪም አስተማሪም ሆኜ ሦስት ብሔራዊ መዝሙር ሰልፍ ላይ ዘምሬአለሁ። ሦስቱም አሁን ድረስ ባፌ ናቸው፣ እንዳይቀላቀሉብኝ እየተጠነቀቅሁ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1959 ነው። ያን ጊዜ ከተማዋ ትንሽ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፣ ፖሊቴክኒኩ አለ፣ ጊዮርጊስ አለ፣ ሌላው ሜዳ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ መጀመሪያ "አቡነ ዘበሰማያት" እንደግማለን። ከዚያ የንጉሡን መዝሙር። ቃሉ ለኛ ለሕፃናቱ ከጸሎት አይለይም ነበር። ሁለቱንም ዓይናችንን ጨፍነን ነበር የምንለው፣ ሁለተኛውን ጨፍኑ ያለን ሳይኖር። የዚያን ዜማ የደረሱት አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው የአርባዎቹ ወላጅ አልባ አርመኖች ባንድ መሪ ነበሩ። በ1923 ንግሥ ላይም የተሰማው ያው ዜማ ነው።

ደርግ ሲመጣ ጸሎቱ ቀረ፣ መዝሙሩም ተለወጠ። የአሰፋ ገብረማርያም ግጥም፣ የዳንኤል ዮሐንስ ዜማ። እኔ ያን ጊዜ ትልቅ ተማሪ ነበርሁ። በኋላ አስተማሪ ሆኜ ያንኑ ሳስጠና ኖርሁ። ከመዝሙሩ በላይ የማስታውሰው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በ1971 ሐምሌ የተጀመረው፣ ማታ ማታ እናቶች ፊደሉን በዜማ ሲሉት ነው። ልጅ አዝለው "ሀ ሁ" ሲሉ ዜማቸው የእሹሩሩ ነበር። ያስተማራቸው የለም፣ ራሳቸው ያመጡት ነው።

ከዚያ 1983 መጣ። አሁን የማወራው ስለ ሁሉም ሳይሆን ስለ ራሴ ትምህርት ቤት ነው። ለጥቂት ጊዜ የምንዘምረው አልነበረንም። የድሮውን ማለት አይቻልም፣ አዲሱ አልወጣም። ልጆቹን አሰልፈን ባንዲራውን በዝምታ እናወጣለን። የምንሰማው የገመዱን ሲር ሲር የሚል ድምፅና የመዘውሩን ጭቅጭቅታ ብቻ ነበር። እመቤት የሽምብጧ፣ መብራት ጠፍቶ ባንዲራው በዝምታ ወጣ ስትዪ ያ ትዝ አለኝ።

አዲሱ ሲመጣ፣ የደረጀ መላኩ ግጥም፣ የሰለሞን ሉሉ ዜማ፣ በወረቀት ተባዝቶ ደረሰን። ቃሉን በወረቀት፣ ዜማውን በሬዲዮ። እኔ የመጀመሪያዋን ስንኝ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ልዘምር አፌን ስከፍት የወጣው የድሮው ነው። አርባ ሁለት ልጅ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ስለ "ዳር ዳርህን ጣና" አላውቅም። ያን ጊዜ ሌላ ትምህርት ቤት ነበርሁ።

የሽምብጧ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። "እመቤት" ሲሉኝ ደንግጬ ተነሥቼ ልቆም ነበር። እንዲህ ያለውን እኮ መጽሐፍ ላይ አናገኘውም። የእናቶቹ የእሹሩሩ ዜማ ምን ዓይነት ነበር? ቀድተው ቢልኩልን?

ጡረተኛው

ልጄ ድምፄ ሄዷል። እሷ ግን ልትቀዳኝ ስልክ ይዛ እየዞረች ነው። እናያለን።

ሂና

እኔ ደግሞ ሌላውን ወገን ልናገር፣ በቀና ልቦና ያዙልኝ። ቤታችን ሙስሊም ነው። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ እንደ ጋሼ እዚሁ ነው የተማረው። "አቡነ ዘበሰማያት" ሲደገም ዝም ብሎ ይቆም ነበር። ማንም ክፉ አላለውም፣ ግን ዝም ማለቱ ራሱ ይታወቀዋል አይደል? የሚያንቀሳቅሰው አፍ ስለሌለ እግሩን ይቆጥር ነበር ብሎ አጫውቶናል። የጫማውን ቀዳዳ።

እኔ ስማር ሰልፍ ላይ የሚባለው ሁሉ የኔም ነበር። ስለ ባንዲራ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ጣና። ሰፈሬ ማክሰኞ ገበያ እያለ እንኳ "ዳር ዳርህን ጣና" ብለው ኖሮ ብዘምረው ደስ ይለኝ ነበር። እናንተ "መዝሙር" ስትሉ የቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚመጣባችሁ። ለኔ መዝሙር ማለት የሰልፍ ነው፤ ሌላ መዝሙር የለኝም። የቤታችን መንዙማ ነው። እና አባቴ ስድስተኛ ክፍል ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ ስዘምር ሰምቶ "ይሄ ቢሆን እኔም እለው ነበር" ያለኝ ቀን አለ። አልመለስኩለትም። አሁን ብመልስለት ምን ነበረበት!

አባይ ማዶ

ሂና፣ አባትሽን አላህ ይዘንላቸው ልበል ወይስ በሕይወት አሉ?

ሂና

አሉ አልሐምዱሊላህ። ቁርስ እየበላ ነው። ጫማው ላይ ቀዳዳ የለም አሁን።

የተንበረከከው

ሁላችሁም ሰልፍን የጥምቀት ቀን አደረጋችሁት። እኔ ትዝታዬ ጠጠር ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ጠዋት እስክትመጣ ታናሽ ወንድሜን የምይዘው እኔ ነኝ። ስለዚህ አረፍዳለሁ። ያረፈደ በር ላይ ተንበርክኮ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ መዝሙሩን ለብቻው ይዘምራል። ጠጠር ላይ። ሌሎቹ ክፍል ገብተው በመስኮት ይሰሙናል። ድምፄ ሲቆረጥ አርጩሜ አለ። መዝሙርን እንደ ቅጣት ያስተማረን ማን ይሆን? እስከ ዛሬ ስብሰባ ላይ ብሔራዊ መዝሙር ሲጀመር መጀመሪያ የሚታመመኝ ጉልበቴ ነው። አገሬን ስለጠላሁ አይደለም። ጉልበቴ ነው።

ደንገል

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። እኔ በቆሎ እየቀለድኩ ያለሁት ቆሎ የሚቆላልኝ ሰው ቤት ውስጥ ስለነበረ ነው።

ጡረተኛው

@የተንበረከከው እኔም አንበርክኬአለሁ። ያረፈደውን ለምን አረፈድህ ብዬ የጠየቅሁበትን ቀን አላስታውስም። አንተን አልነበረም ይሆናል። ሌላ አንተን የመሰለ ነበር። ይቅር በለኝ።

የተንበረከከው

ጋሼ፣ ኧረ አይበሉ። ይቅር ለእግዚአብሔር። ሌላ ያለ አስተማሪ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ፊዚክስ ለሁሉ

ትንሽ ላቀዝቅዘው። ከኋላ የተሰለፉት ሁልጊዜ የሚጎትቱት ለምንድን ነው? መምህራን "ሰነፎች!" ይሉናል፣ እኛ ግን ልክ ነበርን።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከመድረኩ እስከ መጨረሻው ረድፍ 70 ሜትር ነው እንበል። የፊቶቹ "አ" ሲሉ እኛ ጋ የሚደርሰው ከ0.2 ሰከንድ በኋላ ነው። እኛ የሰማነውን ተከትለን እንዘምራለን። የኛ ድምፅ ተመልሶ ፊት ሲደርስ ሌላ 0.2 ተጨምሯል። ስለዚህ ፊት የቆመው አስተማሪ ጆሮ ውስጥ 0.4 ሰከንድ ዘግይተናል። ለሰልፍ ምት ይህ ከግማሽ ምት በላይ ነው። ሰነፍ ብሎን ይወርዳል።

መፍትሔው ጆሮን ትቶ እጅን ማየት ነው። የመሪው እጅ ወዲያው ይታያል። ለዚህ ነው መድረኩ ላይ እጇን የምታወዛውዝ ልጅ የምትቆመው። የኛ ትምህርት ቤት ያቆማት ልጅ ግን አጭር ነበረች፣ ከኋላ አትታይም። ቁመናዋን ሳይሆን ውጤቷን አይተው ነው የመረጧት።

ዘጌ ቡና

እጅ የምታወዛውዘዋ ቀርታ፣ እኛ ጋ መሪው እኔ ነበርሁ። ዘጌ ላይ፣ አገር ቤት። ቄስ ትምህርት ቤት ስለነበርሁ ድምፄ ተከፍቷል፣ ዳዊት እደግማለሁ። አስተማሪው ከከተማ በጀልባ የመጣ ወጣት ነው። "አንተ ጀምር" አለኝ። ጀመርሁ እንጅ! በአራራይ። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ይዤ ስስባት፣ ስጠመልላት፣ ሳወጣት ሳወርዳት፣ ባንዲራው ላይ ደርሶ ቆመ። እኔ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ነኝ። አስተማሪው "ማኅሌት አይደለም!" ብሎ ጮኸ። ቡና ለቃሚዎቹ ግን ጫካው ውስጥ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ቆመው ነበር። አንዷ እናት ኋላ መጥታ "ዛሬ የማን ንግሥ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲህ አልመራሁም። ከፍ አድርጎ መጀመር አይገባም ብለው ሌላ ተኩ። እሱ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ጀምሮ መሬት ገባ።

የሽምብጧ

ዘጌ ቡና፣ አልቅሼ ሳቅሁ። ግን ጎበዝ፣ የኔ ነገርስ? ደንገል ስለ ውኃ ነው ብለሃል። ወደዚያ እንመለስ። እኔ "አትንኩት ሐይቁን" የሚል ነገር ይመጣብኛል። ስለ ጣና ውበት፣ ስለ ደሴቶቹ፣ ስለ ክብራን ገብርኤል መሆን አለበት። ባሕር ማዶ ያለችው ጓደኛዬ ይህን ዜማ ስታንጎራጉር ታለቅሳለች። ቀጣዩን ብናገኝላት ብዬ ነው እንዲህ የምጨቀጭቃችሁ።

ጤና ኬላ

እኔ አለኝ። ከሰዓቱ ጀምሮ እያነበብኩ ልናገር አልናገር እያልኩ ነው። የተማርኩት እዚያው ነው፣ የጤና ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። አዎ፣ ጋሼ ናቸው የደረሱት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስንኝ እነሆ። ልብሽን ያዢ።

*ቀንድ አውጣ ካለበት አትግባ ከውኃው፣*
*ቢልሃርዚያ ነው ሆድህን የሚነፋው።*

*ሽንት ቤት ተጠቀም፣ ሜዳ ላይ አትውጣ፣*
*በሽታው ነውና ዞሮ የሚመጣ።*

የሽምብጧ

ምን?

ደንገል

ምነው ሸዋ!!! "ስለ ውኃ የሆነ ነገር" አላልኩም?

አባይ ማዶ

ጓደኛዋ ባሕር ማዶ ሆና የምታለቅሰው ለቀንድ አውጣ ነዋ። ኧረ በስመ አብ። የኔ ያልሻረ ቁስል ይሻላል።

ጤና ኬላ

አትሳቁ፣ ሥራዬ ስለሆነ ልንገራችሁ። ጋሼ ነገሩን በአራት መስመር ጨርሰውታል። የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድር ይወጣል። ዝናብ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። እዚያ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፣ ይራባል። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባ ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። አፍህን ዘግተህ ብትዋኝም አያድንህም፣ በመጠጥ አይደለም የሚይዘው። "ዞሮ የሚመጣ" ያሉት ይህንን ነው። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ይህን ዑደት ስማር ሥዕሉን ከማየቴ በፊት ዜማው ነው የመጣልኝ።

ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ስንዞር ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የቢልሃርዚያ መድኃኒት እንሰጣለን። ልጆቹን ምልክት ያለበት የቁመት መለኪያ እንጨት አጠገብ እናቆምና በቁመታቸው ልክ ክኒን እንቆጥራለን። ሰልፍ ነው እሱም። ክኒኑ ትልቅ ነው፣ መራራ ነው፣ ባዶ ሆድ አይወሰድም። ዳቦ ያልበላ ልጅ ያስመልሰዋል። ባለፈው አንዱን ተሰላፊ ሳረጋጋ ሳላውቀው "ማልደን ተነሣን" ብዬ ጀመርኩ። ልጁ "እቴ፣ ይሄ የማን ዘፈን ነው?" አለኝ።

ፊዚክስ ለሁሉ

ታዲያ ለምን ረሳነው? የመጀመሪያውን ሁሉም ያስታውሳል፣ ሁለተኛውን ማንም።

ጤና ኬላ

ሁለተኛው ሲደርስ ተረኛው መምህር ጥፍርና ፀጉር ማየት ስለሚጀምር ነዋ። ሁሉም ጥፍሩን በጥርሱ እየቆረጠ ነው። አፉ መቼ ባዶ ሆነና ይዘምር።

የሽምብጧ

እውነት ነው! አሁን መጣልኝ! ጥፍሬን የምነክሰው እዚያ ላይ ነበር። "ላ ላ ላ" ያልነው ለካ ጥፍር ይዘን ነው።

ጓደኛዬ ላይ ደውዬ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ሜዳ ላይ አትውጣ ለሚለው ነው ሃያ ዓመት ያለቀስኩት?" አለችኝ። ከዚያ አብረን ዘመርነው፣ እሷ እዚያ እኔ እዚህ። ስልኩ ይዘገያል፣ አንደኛችን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነን። ፊዚክስ ለሁሉ፣ እንደ ረድፍ መጨረሻ ልጆች ነበር የሆነው።

ልጄም ሰምታ ወደደችው። ችግሩ የወደደችው "ሆድህን የሚነፋው" የሚለውን ነው። እንግዳ ሲመጣ ነው የምትዘምረው።

ደንገል

እኔ ደግሞ የመጨረሻ ኑዛዜ። ይህን መዝሙር አራት ዓመት ዘምሬዋለሁ። ትምህርት ሲያልቅ ዩኒፎርሜን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ደንገሉ መሀል፣ ቀንድ አውጣው የሚበዛበት ጋ ነበር የምዋኘው። ሰባተኛ ክፍል ስመረመር ቢልሃርዚያ ተገኘብኝ። ካርዱን የጻፈችልኝ ነርስ "መዝሙሩን አታውቀውም እንዴ?" አለችኝ። "ቆሎ ይዘን መጣን ነው የማውቀው" አልኳት።

አባይ ማዶ

ጤና ኬላ፣ አንድ ጥያቄ። አራተኛ ስንኝ አለው?

ጤና ኬላ

አለው። ስለ ወባ ነው።